የቄስ ገብረ አማኑኤል ደረት

እኔ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ጆሮዬ ነው። ጎንደር ነርስነት ስማር አስተማሪያችን ስሜን ጠርታ፣ "ይታየሽ አፏም ፈጣን፣ ጆሮዋም ፈጣን፤ ትዕግሥት ሲታደል ግን አልነበረችም" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ሰቆጣ ስመደብ ገና ልጅ ነኝ። ዘመኑ የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። አዲስ የደረት ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የዋግን ሰው ደረት በሙሉ ካላዳመጥኩ አላርፍም ብዬ ነበር የመጣሁት። ደጋው ብርድ፣ መንገዱ ዳገት፣ ደሞዙ ትንሽ ነው፤ እኔ ግን በየጠዋቱ ወደ ጤና ጣቢያው የምሄደው እየሮጥኩ ነበር።

ደረት ሁሉ በአንድ መንገድ አይመረመርም። ይህን የማያውቅ ሰው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል። ጨቅላ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው ዓይን ነው እንጂ እጅ አይደለም። እናቷ ጭን ላይ እንዳለች አፍንጫዋ ሲርገበገብ፣ ጎኗ ሲሰረጉድ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ማዳመጫውን ብብት ውስጥ አሙቆ፣ ሳትነቃ ማዳመጥ ነው። ጉሮሮና ጆሮ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ለቅሶው ይጀምራል፣ ለቅሶ ከጀመረ ደግሞ የሚሰማ ደረት የለም። አራት አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ንግድ ይወዳል፤ "መጀመሪያ የእኔን ልብ ስማ፣ ከዚያ የአንተን እሰማለሁ" ይባላል። ወጣት ሴት ከሆነች ወንዶቹ ይወጣሉ፣ ነጠላዋም የሚመረመረው ቦታ ላይ ብቻ ገለጥ ይደረጋል። ሽማግሌ ደግሞ አይቸኮልበትም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ጠይቆ፣ መልሱን ጠብቆ፣ "ይቅርታ አባቴ" እያሉ መንካት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው፣ ይህ ሁሉ ዕድሜ በአንድ ቤተሰብ ተጠቃልሎ በሬ ላይ ሲቆም ማን እንደሚቀድም የምወስነው እኔ አለመሆኔን ነበር።

የገበያ ቀን ነው። ጤና መኮንናችን ለፈንጣጣ ክትባት ወደ አምደወርቅ ሄዶ፣ ጤና ጣቢያው ለእኔና ለላቦራቶሪ ሠራተኛው ለአስማረ ቀርቶልናል። የሰቆጣ ዙሪያ ሰው ለሕክምና ብቻ ብሎ አይመጣም፤ ገበያውንም ሕክምናውንም በአንድ ጉዞ ይጨርሳል። ስለዚህ ማር የያዘው ከነማሩ፣ ፍየል የነዳው ከነፍየሉ ግቢው ውስጥ ተኮልኩሏል። በዚያ ግርግር መሃል አንዲት ሴት ጀርባ ላይ ያለ አንቀልባ ዓይኔን ያዘው። አንቀልባው ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ውስጡ ያለችው ልጅ ስትተነፍስ ቆዳው አብሯት ነው የሚተነፍሰው።

"ያቺን ልጅ አምጧት! ያቺን! አንቺ ባለ አንቀልባዋ፣ ነይ ግቢ!" ብዬ ጮህኩ።

ገቡ። ሴትዮዋ አገኘሁሽ ትባላለች። ባሏ ገበያው የሚባል፣ ቁመቱ ከበሩ የሚበልጥ ገበሬ ነው። አምስት ዓመት የሚሆናት ትልቋ ልጃቸው ወለተ ሚካኤል የእናቷን ቀሚስ ጨብጣለች። አንቀልባው ውስጥ ያለችው አልጣሽ ናት፤ ጥርስ ማብቀል በሚገባት ዕድሜ የአራስ ያህል የቀለለች ሕፃን። ከሁሉም ፊት፣ ነጭ ጥምጣማቸውን እንደ ጠመጠሙ፣ መቋሚያቸውን ይዘው የገቡት የገበያው አባት ቄስ ገብረ አማኑኤል ናቸው።

እጄን ወደ ሕፃኗ ዘረጋሁ። አገኘሁሽ ወደ ኋላ አለች። ዓይኗ ወደ አማቷ ሄደ። ቄሱ ደግሞ የመመርመሪያውን ወንበር ስበው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ዘና ብለው ተቀመጡ።

"ከእኔ ጀምሪ" አሉኝ።

"አባ፣ የታመመችው ልጅቷ ናት!"

"አውቃለሁ።"

"ትንፋሽ አጥሯታል! ይታይዎታል አይደል? አፍንጫዋን ይዩት!"

"አየሁት። ከእኔ ጀምሪ።"

ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ማክበር ጥሩ ነው፤ እኔም የቄስ ቤት ልጅ ነኝ፣ አባቴ ሳይቆርስ እንጀራ ነክቼ አላውቅም። ግን ልጅ ትንፋሽ አጥሯት ሳለ ስለ ቅድሚያ ክብር? ልናገር አፌን ስከፍት ገበያው በለሆሳስ፣ "እታለም፣ አትቆጪ፤ ለክብር አይደለም" አለኝ።

ቄሱ ሰሙት። "አዎ፣ ለክብር አይደለም" አሉ። "በእኛ ቤት ያልታወቀ ነገር መጀመሪያ የሚቀምሰው እኔ ነኝ። ክፉ ቀን ሲመጣ የማናውቀውን ቅጠል እኔ ነኝ የቀመስኩት። አዲስ ምንጭ ሲገኝ ቀድሜ የምጠጣው እኔ ነኝ። ደህና ካደርኩ ልጆቹ ይከተላሉ። አንገትሽ ላይ ያለውንም ነገር አላውቀውም። የሚጎዳ ከሆነ እኔን ያግኘኝ፤ እኔ ጠግቤ ኖሬያለሁ።"

አገኘሁሽ አንቀልባውን እንደማትፈታ ከፊቷ ገባኝ። እሺ፣ ቶሎ ብዬ ልገላገላቸው አልኩ። የእጃቸውን የደም ሥር ያዝኩ፣ ፈጣን ነው። የዓይናቸውን ሽፋን ገለጥ አደረግኩ፣ ነጣ ብሏል። "እጀ ጠባብዎን ያውልቁ" ስላቸው ግን ጋቢያቸውን ጨብጠው ያዙ።

"በምራቴ ፊት?"

አገኘሁሽን ከነልጆቿ ወደ ግድግዳው ፊቷን አስዞርኳት። ገበያውም ማንም ሳያዘው ዞረ። ቄሱ እጀ ጠባባቸውን ሲያወልቁ ክሳታቸው አስደነገጠኝ፤ ጋቢው ብዙ ነገር ሸፍኖ ኖሯል። መሃል ጣቴን ጀርባቸው ላይ አስተኝቼ በሌላው እጄ ጣት መታ መታ አደረግኩ። ግራው ባዶ እንስራ ሲመታ እንደሚሰጠው ድምፅ ጥርት ብሎ መለሰልኝ። ቀኙ ታችም እንዲሁ። ወደ ቀኙ ላይ፣ ከትከሻው ሥር ስወጣ ግን ድፍን! ደግሜ መታሁ፤ ድፍን! ያኔ ችኮላዬ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ፣ ቁጭ አልኩ።

"ረጅም ይተንፍሱ አባ።"

አጭር ተነፈሱና ሳላቸው መጣ። ደግመው ሞከሩ፣ ደግሞ ሳል። በዚህ ዓይነት ምንም አልሰማም። ያን ጊዜ ጎንደር የተማርኩት ትዝ አለኝ። ትንፋሹ እምቢ ካለ ድምፁ አለ፤ ሰው ሲናገር ደረቱን ማዳመጥ ይቻላል።

"ዜማ ይበሉልኝ" አልኳቸው።

"በጤና ጣቢያ?"

"ዝቅ አድርገው። ለጆሮዬ ብቻ።"

ፈገግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ማዳመጫውን ግራ ጀርባቸው ላይ ሳደርገው ዜማው ከሩቅ፣ ከሸለቆ ማዶ እንደሚመጣ ሰው ድምፅ ይጉተመተማል። ጤነኛ ሳንባ እንዲህ ነው። ወደ ቀኝ ትከሻቸው ሥር ሳዞረው ግን ወንድሞቼ! ቄሱ አፋቸውን ጆሮዬ ላይ ገጥመው የዘመሩ መሰለኝ። ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል! መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት፣ አስተማሪዬ ስትነግረኝ ያላመንኩት፣ እዚህ ሰቆጣ ላይ፣ በገዛ ጆሮዬ!

"አገኘሁት!" ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ።

ዜማው ተቋረጠ። "ምን አገኘሽ?" አሉኝ ቄሱ።

አፈርኩ። የሰው ደዌ አግኝቶ የሚጨፍር ሰው ምን ይባላል? ረጋ ለማለት ሞከርኩ። "ሳልዎ ከጀመረ ቆየ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የማኅሌት ብርድ ነው። ካህን ሆኖ የማያስል ማን አለ?"

"ሌሊት ያልብዎታል?"

"አያልበኝም።"

ከግድግዳው በኩል፣ ፊቷን እንዳዞረች፣ አገኘሁሽ ተናገረች። "ያልባቸዋል እታለም። ጋቢያቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ያጠብኩት ረቡዕ ይርሳል።" ቄሱ እጀ ጠባባቸውን ለበሱና፣ "በሉ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ አልጎዳኝም። ልጅቷን ስጧት" አሉ።

አንቀልባው ተፈታ! አልጣሽን እናቷ ጭን ላይ እንዳለች ሳልነካት አየኋት። ከንፈሯ ዳር ደብዘዝ ብሏል፣ ጎኗ በየትንፋሹ ይሰረጉዳል፣ የጭኗ ቆዳ ተጨማዷል። ማዳመጫውን ብብቴ ውስጥ ሳሞቅ ወለተ ሚካኤል ትክ ብላ ታየኛለች፤ እሷን በኋላ እደርስባታለሁ ብዬ ጠቀስኳት። የሕፃኗን ደረት ሳዳምጥ በቀኝ በኩል ጥሩ አየር አይገባም። አንገቷ ሥር በጣቴ ጫፍ ስዳስስ እንደ አተር የተደረደሩ እጢዎች አገኘሁ። ሆዷን ዳሰስኩ፣ ጉበቷ ወረድ ብሏል። የሳንባ ምች ነው እንዳልል ክሳቷ የቆየ ነው። ጥሏት የማይሄደው ይህ የደረት ሕመም ከየት መጣ?

ሕፃኗ በዚህ መሃል አነጠሰች። ቄሱ ጎንበስ አሉ። አፋቸውን ፊቷ ላይ አቀረቡና፣ እንደ ማንኛውም የአገራችን ሽማግሌ፣ እንደ ገዛ አያቴ፣ በፍቅር፣ "እንትፍ! እንትፍ! እደጊ! እደጊልኝ የኔ ዓለም!" አሉ። የምራቁ ፍንጣሪ ጉንጯና ከንፈሯ ላይ ሲያርፍ አየሁ።

ለአፍታ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ሕፃኗን ከእናቷ ጭን ላይ መንጭቄ አነሣኋትና፣ "ተዉ! አይትፉባት!" ብዬ ጮህኩ።

በዋግ ምድር በመመረቅ ላይ ካለ ቄስ አፍ ሥር ልጅ የነጠቀ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ መጣ። አገኘሁሽ በኽምጥኛ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ የሆነ ነገር ብላ ጮኸችና ደረቷን መታች፤ ኽምጥኛ ገና አልገባኝም ነበር፣ ያ ግን ትርጓሜ አያስፈልገውም። ምርቃቱ በመሃል ተቆርጦ ልጅቷ ላይ ርግማን ሆኖ እንዳይቀር ፈርታ ነው። ገበያው በሁለት እርምጃ መጥቶ ልጁን ከእጄ ወሰደ።

"አባቴን እኮ ነው!" አለኝ፣ ልጅቷን ደረቱ ላይ አጥብቆ። "ውሻ ነው እንዴ የተፋባት? ተነሺ አገኘሁሽ! እንሂድ!"

ይህች ልጅ ከዚህ በር ያለ መድኃኒት ከወጣች ሁለተኛ በአንቀልባ እንደማትመለስ አውቃለሁ። አምና አንዲት እህቷ፣ ወለተ ሰንበት የምትባለው፣ በዚሁ ዓይነት ከስታ እንደሞተች አገኘሁሽ ስትገባ ነግራኛለች። አልጣሽ የሚለውን ስም ያወጡላት ለዚህ ነው። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ገበያው በአንድ እጁ ሊያነሣኝ ይችላል። ለምን እንዳላነሣኝ አሁንም ይገርመኛል።

"አባ ገብረ አማኑኤል!" አልኩ፤ ማልቀስም መቆጣትም ይዳዳኛል። "ያልታወቀ ነገር ቀድመው የሚቀምሱት እርስዎ ነዎት አላሉም? አንድ ያልታወቀ ነገር አለ። እሱን ይቅመሱልኝና ከዚያ በኋላ ሂዱ። አልከለክልም።"

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ። ቁጣ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ጉጉት ነበር።

"ምንድን ነው?"

የአክታ ጣሳውን አነሣሁ። "ከደረትዎ ስበው፣ አስለው፣ እዚህ ውስጥ ይትፉልኝ።"

"ሕፃን ላይ አትትፋ ብለሽ ጣሳ ላይ ትፋ ትይኛለሽ?" አሉ፤ በር ላይ ያሉት ሳቁ። እሳቸው ግን ጣሳውን ተቀበሉኝ፤ ወደ ጥግ ዞረው አሳሉ፣ ከውስጥ፣ ከታች። ከዚያ መለሱልኝ።

ጣሳውን ይዤ ወደ አስማረ ክፍል በረርኩ። አስማረ መልካም ሰው ነው፤ ግን ቤት ቢቃጠል ጫማውን አስሮ የሚወጣ ዓይነት ነው። አክታውን መስታወት ላይ ቀባ። አደረቀ። በእሳት ላይ አሳለፈ። ቀይ ቀለም አፈሰሰ፣ ከሥሩ አሞቀ፣ ጠበቀ። አጠበ። ሰማያዊ ቀለም ደገመ። "ቶሎ በል!" ስለው፣ "ቀለሙ አንቺን አይሰማም" ይለኛል። በመስኮት ወደ ግቢው አያለሁ፤ ገበያው ልጅቷን አቅፎ አጥር ሥር ቆሟል፣ አገኘሁሽ ጡቷን ትሰጣታለች፣ ልጅቷ ሁለቴ ስባ ትንፋሽ ፍለጋ ትተወዋለች። ቄሱ ብቻቸውን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት እናት ልጇን ልታስመርቅ ወደ እሳቸው ቀረበች። ቄሱ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ወደ እኔ መስኮት ተመለከቱ። ከዚያ ልጁን በመስቀላቸው ብቻ አሳለሙት።

አስማረ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለ። ቆየ። "ነይ" አለኝ።

ሰማያዊ መስክ ነው። መስኩ ላይ ቀያይ ስንጥሮች፣ ቀጫጭን፣ እዚህም እዚያም፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተበትነዋል። ትክክል ነበርኩ! ጆሮዬ አልዋሸኝም! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ትዝ አሉኝና ልጠራቸው ወጣሁ።

ቄሱን አስገባኋቸው። አንድ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ፣ በሌላው እንዲያዩ አሳየኋቸው። ብዙ አዩ።

"እነዚህ ቀዮቹ ናቸው?"

"ናቸው አባ። የሳንባ ነቀርሳ የሚያመጡት እነሱ ናቸው።"

"ከአፌ የወጡ ናቸው?"

"ከደረትዎ ናቸው፤ በአፍዎ ወጡ።"

"በምመርቅበት ጊዜም ይወጣሉ?"

"ሲያስሉም፣ ሲዘምሩም፣ ሲመርቁም። ምርቃቱ ምንም አላጠፋም አባ። እነሱ ናቸው ተደብቀው አብረው የሚወጡት።"

ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ ጠየቁኝ። "ወለተ ሰንበትስ? አምና የቀበርናት? እሷንም እየመረቅኩ ነው ያሳደግኳት።"

አስማረ ቀለሙን ማስተካከል ጀመረ። እኔ መዋሸት እችል ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ለሽማግሌ ይዋሻል። እኚህን ሰው ግን አልቻልኳቸውም። "አላውቅም አባ" አልኩ።

"አታውቂም ወይስ አትነግሪኝም?"

"አላውቅም። ደረቷን አላዳመጥኩትም። ስላልሰማሁት ደረት አልናገርም። ይህችኛዋን ግን ሰምቻታለሁ፤ በሕይወት አለች፣ መድኃኒቱም አለኝ።"

ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጥምጣማቸውን ጫፉን ፈትተው አፍና አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። ወደ ግቢው ወጡ። ከልጃቸውና ከምራታቸው ራቅ ብለው ቆሙና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ቀምሼዋለሁ" አሉ። "ልጅቷ የታመመችው ከእኔ ሳል ነው። ነርሷ አልበደለችም፤ ባትነጥቀኝ ኖሮ አሁንም በደገምኩት ነበር። ገበያው፣ ልጅቷን ስጣት። የምትለውን ሁሉ ታድርግላት።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው! ለአልጣሽ የመጀመሪያውን መርፌ ጭኗ ላይ ወጋኋት፣ ኪኒኑን ፈጭቼ በእናቷ ወተት በማንኪያ ሰጠኋት። ወለተ ሚካኤልን ተዋዋልኩ፤ የእኔን ልብ ሰማች፣ "ይሮጣል!" ብላ ለእናቷ ተናገረች፣ ከዚያ ደረቷን ሰጠችኝ። ንጹሕ! አገኘሁሽን ወንዶቹን አስወጥቼ መረመርኳት፣ ንጹሕ! ገበያው ልብሱን ሲያወልቅ ማዳመጫዬ ለመድረስ ወንበር ላይ ልወጣ ምንም አልቀረኝ፤ እሱም ንጹሕ! እያንዳንዱን "ንጹሕ!" ጮክ ብዬ የምናገረው አጥሩ ሥር ለቆሙት ለቄሱ ነበር። በየተራው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የእሳቸው መርፌ ሲደርስ ግን ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ቄስ መቀመጫውን ለሴት ልጅ አይገልጥም። አስማረ ወጋቸው።

ወደ ቤታቸው ግን አልተመለሱም። ደብራቸው ደጀ ሰላም አጠገብ ያለች ጎጆ ውስጥ ብቻቸውን ሰነበቱ። ማኅሌቱን ተዉ። አገኘሁሽ ከተማ ዘመዷ ቤት ከነልጆቿ አረፈችና ሕፃኗን በየቀኑ ታመጣልኛለች። ቄሱም ለመርፌያቸው ቁልቁለቱን ወርደው ይመጣሉ። ግን ሁልጊዜ ከአጥሩ ውጭ ነው የሚቆሙት፤ ተራቸው ሲደርስ ብቻ ይገባሉ። ጠዋት ስደርስ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ድምፅ አሰማች?"

አላሰማችም። ይህ ነበር የሚያስጨንቀኝ። አልጣሽ መርፌ ስትወጋ እንኳ አታለቅስም፤ ፊቷን ጭምድድ አድርጋ ትተወዋለች። ለማልቀስ የሚሆን ትንፋሽ የላትም። ኪኒኑን የምታስመልስበት ሳምንት ነበር። አንድ ቀን ከንፈሯ ደብዝዞ መጣችና አገኘሁሽ፣ "በቃ፣ ይህቺም ሄደች" ስትለኝ እኔም በልቤ አምኜ ነበር፤ በአፌ ግን፣ "ዝም በይ! ማን ፈቅዶላት!" ብዬ ተቆጣኋት። ለቄሱ ምን እላቸዋለሁ እያልኩ አጥሩን ላለማየት በጓሮ የሄድኩበት ቀን አለ።

ፋሲካ አልፎ ነው። አገኘሁሽ እንደ ልማዷ መጣች፣ አንቀልባውን ፈታች፣ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አደረገች። እኔም እንደ ልማዴ ዝም ብዬ አየኋት። አፍንጫዋ አይርገበገብም። ጎኗ አይሰረጉድም። ማዳመጫዬን አሙቄ ደረቷ ላይ ሳኖረው በቀኝ በኩል አየር ይገባል! ይገባል! ደግሜ ሰማሁ፤ ይገባል! ጉሮሮዋን ለማየት ምላሷን በማንኪያው ጫን ሳደርገው ግን አልጣሽ ተቆጣች። ማንኪያውን በእጇ መታችው። የማዳመጫዬን ጎማ ይዛ ጎተተችው። ከዚያ አፏን እስከ ጥርሷ ድረስ፣ አዎ፣ ሁለት ጥርስ አብቅላለች፣ ከፍታ ጮኸች!

ግቢው ሞላ። ፍየሎቹ ቀና አሉ። በሕይወቴ ብዙ ልጅ አስለቅሻለሁ፤ እንዲያ የተደሰትኩበት ለቅሶ የለም። አገኘሁሽ እልልታዋን አቀለጠችው፣ እኔም ተከተልኳት፣ አስማረ ጓንቱን ሳያወልቅ ሮጦ መጣ።

ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ተሰማ። "እሷ ናት?" ይላሉ ቄሱ። "ይታየሽ! እሷ ናት ወይስ የሌላ ሰው ልጅ ናት?"

"እሷ ናት አባ! ራሷ ናት!"

ልጅቷን ከእናቷ ተቀብዬ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ከአጥሩ በላይ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። መንገዱን ተሻግረው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመዋል። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ፣ እግሯ እየተወራጨ፣ በሙሉ ሳንባዋ ትጮሃለች። ቄሱ ጥምጣማቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጡ። ወደ እኛ አንድ እርምጃ መጡ። ጎንበስ አሉ፣ ከንፈራቸው ተሰበሰበ፤ የዕድሜ ልክ ልማድ ነው።

ቆሙ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ዞሩ። ጀርባቸውን ሰጡን። ፊታቸውን ወደ ገደሉ፣ ሰው ወደሌለበት፣ ነፋሱ ወደሚነፍስበት መልሰው ድምፃቸው እስኪሰበር ድረስ፣ "እንትፍ! እንትፍ! እደጊ!" አሉ። "እደጊልኝ የኔ ዓለም! ከእኔ ርቀሽ እደጊ!"

ልጅቷ ድምፃቸውን ስትሰማ ለቅሶዋን አቋረጠች። እጇን ወደ ጀርባቸው ዘረጋች። እኔ ወደ ኋላ ያዝኳት።